ጂ.ኤም.ሲዋ ፍሬን በጥሳለች፦ ለፍሬን መስመሯ የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ አባላትና ወዳጆች፣

ደግመን እጃችንን ዘርግተን መጣን። «አሁንስ አበዙት» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን፤ እኛም ጥሪ መጻፍ ሰልችቶናል። ነገር ግን የሆነውን በወሬ ከምትሰሙት ከእኛ ብትሰሙት ይሻላል።

መኪናዋ፣ አሮጌዋ የጦር ካሚዮናችን ጂ.ኤም.ሲ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ በሰው እርምጃ እየሄደች ሳለ ፍሬን በጠሰች። ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ላይ ተኛ። የመጠለያውን ምሰሶ ገጭታ ቆመች፣ ጣሪያውም በከፊል ወረደ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው።

ከሥር ገብተን ስናይ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ከኋላው አክስል በላይ፣ ልክ ዳዶው (ቱቦውን የሚያስረው ብሎን) ሥር፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፀጉር ስለሚያህል በዓይን አይለይም፤ ጥፍር ሲሄድበት ነው የሚታወቀው። ከዓመታት በፊት ከፍለን ያሠራነው ባለሙያ ተራ የመዳብ ቱቦ ነበር የዘረጋልን። መዳብ በእጅ ስለሚታጠፍ ለሠራተኛው ይመቻል። መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ግን እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ቱቦውን ሻንሲው ላይ የሚይዘው ማቀፊያ አልነበረም። መሐሉም የተቀጠለው በቀለበት እየተጨመቀ በሚይዝ መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ደግሞ ለፍሬን ግፊት የሚታመን አይደለም።

«ታዲያ የተሰነጠቀውን ብቻ ለምን አትቀይሩም?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ከ500,000 በላይ ከተመረቱት ባለ ስድስት ቸርኬ የጦር ካሚዮኖች አንዷ ናት። ፍሬኗ እንደ ዛሬዎቹ በሁለት መስመር አልተከፈለም። ስድስቱም ቸርኬ ዘይት የሚደርሳቸው ከአንድ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፓምፕ) ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ ስድስቱም ባዶ ናቸው። ስለዚህ ኮሚቴው ወስኗል፤ መስመሩ ከማስተሩ እስከ መጨረሻው ቸርኬ በሙሉ ይቀየራል፣ እስከዚያ ሞተሩ አይነሳም።

የምንገዛው ኒኬል የተቀላቀለበት የመዳብ ቱቦ ነው፤ አይዝግም፣ መንቀጥቀጥም ይችላል። የቱቦው አፍ ሁለት ጊዜ እጥፍ ተደርጎ በ45 ዲግሪ ይከፈታል፤ አንድ እጥፍ ብቻ ከሆነ ጠርዙ ይቀደዳል። ለዚህ የሚሆን ደህና ማጠፊያ ያስፈልገናል፤ የተዋስነው አፉን አጣሞ ስለሚያወጣ ስንት ክንድ ቱቦ አባክነናል። (ዳዶውን ሳያስገቡ አፉን አጥፎ መጨረስማ የሁላችንም ኃጢአት ነው።) የጎማ ቱቦዎቹም ይቀየራሉ። ከላይ ደህና ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ሲያብጥ ግን የሄደው ዘይት ስለማይመለስ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። የቸርኬዎቹ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) እና የቱቦው ማቀፊያዎችም አሉ። የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት ነው፤ አዲሱ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። የእኛ አሮጌው ሲቀዳ ጭቃ መስሎ ነው የወጣው።

ያለፈው ገንዘብ የት ገባ ለምትሉ፦ ሞተሩ ተከፍቶ ታድሷል፣ ጎማዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፣ የጭነቱ እንጨት ተቀይሯል። ከፍሬኑ በፊት ቀለም መቀባታችን ተወቅሷል፤ ወቀሳው ልክ ነው። ነገር ግን የቀለሙን ገንዘብ የሰጡን ሰው «ለቀለም ብቻ» ብለው ስለነበር ወደ ሌላ ማዞር አንችልም ነበር። ደረሰኙ ሁሉ ኦዲተራችን ዘንድ አለ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የእጅ ዋጋ ለማንም አንከፍልም፣ ሥራውን አባላት በነፃ ይሠሩታል።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት ስንት ጊዜ ተርተንላችኋል፤ ዛሬ እንለፈው። መኪናዋ ግን የአደራ ዕቃ ናት። የተረከብናት ከአንጋፋዎቻችን ነው፣ ነገ ልጆች የሚሳፈሩባትም እሷው ናት።

ገንዘቡ የሚገባው በድሮው የኮሚቴው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም፤ በአባልነት ደብተራችሁ የኋላ ሽፋን ላይ የታተመው ነው። ምክንያቱ ላይ «ለፍሬን» ብላችሁ ጻፉ፣ ደረሰኙንም ለገንዘብ ያዣችን አድርሱ። ያለ ሦስት ፈራሚ ከሒሳቡ ምንም አይወጣም።

አሁንም እንደግመዋለን፦ በኮሚቴው ሒሳብ እንጂ በማንም የግል ሒሳብ አትላኩ፣ እኛን ጨምሮ። ባለፈው ጥሪ ወደ ሌላ ሰው የገባ ገንዘብ ለማስመለስ ሳምንታት ፈጅቶብናል። ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን ከደብተራችሁ ጋር አንድ ጊዜ አስተያዩት።

አስተባባሪ ኮሚቴው