ስምንቱም መብራት በርቶ ያልሠራው ኬብል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ሙያ ለመሠማራት ኮሌጅ መግባት ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ወጣት ራሱን አስተምሮ እንጀራውን ማግኘት እንደሚችል የሚገልጹ አስተያየቶችን በጋዜጣችሁ ደጋግሜ አነባለሁ። በደብረ ብርሃን ከተማ በኮምፒውተር ጥገናና በኔትወርክ ዝርጋታ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት እኔም በራሴ ጥረት ስለሆነ አስተያየቱን አልንቅም፤ ሆኖም በሥራ ላይ የደረሰብኝን ሳስታውስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሙያ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ዘርግቼ ነበር። የኔትወርክ ኬብል በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ብርቱካናማው ከነጭ ብርቱካናማው ጋር፣ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው ጋር፣ ሰማያዊውና ቡናማውም እንዲሁ። እኔ ለዓይን የቀና እንዲመስል ጥንዶቹን ጎን ለጎን ደርድሬ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርጌ ኮኔክተሩን (የጫፍ መሰኪያውን) ገጠምኩ። በኬብል መፈተሻ መሣሪያ፣ በቴስተር ስፈትሸው ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በየተራ ስለበሩ ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ተጠራሁ። ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ስዊቹ አጠገብ ያሉት ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ግን ግንኙነቱ መጣ ሲሉት ይጠፋል። ስዊቹን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩ፤ አልሆነም። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ያስፈታኋቸው ሠራተኞች አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። ቴስተሩ ደህና ነው ስላለኝ ኬብሉን አልጠረጠርኩትም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት በማታው መርሐ ግብር ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። መምህራችን ክንድ የማይሞላ ኬብል ልጠው፣ ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲያገኛቸውና መጨረሻ ላይ እንዲጣፋ መሆኑን፣ ስለዚህም በኮኔክተሩ ላይ አንድ ምልክት በጋራ የሚያስተላልፉት 3ኛውና 6ኛው ሽቦ የግድ ከአንድ ጥንድ መሆን እንዳለባቸው አሳዩን። እኔ እንደደረደርኩት ጥንዱ ከተለያየ፣ በአጭር ኬብል ባይታወቅም ርቀቱ ሲጨምር ምልክቱ እየተደበላለቀ ግንኙነቱ ይፈርሳል። ተራው ቴስተር የሚናገረው ሽቦው አለመበጠሱንና በሁለቱም ጫፍ ተራው መግጠሙን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር ማለፍ እንደሌለበትም የሰማሁት በዚያው ክፍል ነው። ተመልሼ ያለ ክፍያ አስተካከልኩላቸው።

ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ይገኛል የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን ስለ ስዊችና ስለ ዊንዶውስ ስፈልግ ነው ያደርኩት፤ ስለ ጥንድ ሽቦ መጠየቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አልነበረም። የመደበኛ ትምህርት ትልቁ ጥቅም፣ ተማሪው ገና አስፈላጊነቱ ያልገባውን ነገር ሳይቀር በቅደም ተከተሉ እንዲያልፍበት ማድረጉ ይመስለኛል። በፕሮግራም ጽሑፍም ያው ነው። በተርታ ከተደረደሩ አንድ ሚሊዮን መዝገቦች መካከል የሚፈለገውን፣ መሐሉን እያዩ በየጊዜው ግማሹን በመተው፣ ቢበዛ በ20 ንጽጽር ማግኘት እንደሚቻል ያልተማረ ወጣት፣ አንድ በአንድ የሚያነብ ፕሮግራም ይጽፋል፤ በመቶ መዝገብ ሲሞክረው ስለሚሠራለትም ስህተቱን አያየውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ መሰጠቱ ደስ ያሰኘኛል፤ የሚጠይቁኝን ወጣቶች ሁሉ እንዲመዘገቡ እመክራለሁ። ነገር ግን ከዞናችን ከተሞች ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ስልክ እንጂ ኪቦርድ ነክተው አያውቁም፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲሳሳቱም አጠገባቸው ተቀምጦ ጣታቸውን የሚያርም የለም።

ትምህርት ቤቶቻችንን የሚነቅፉ ሰዎች ግን ያለ ምክንያት አይናገሩም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና አልፎ፣ የኮምፒውተር ክዳን ከፍቶ የማያውቅ ተመራቂ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሥራ ጠይቆኛል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ለአራት ዓመት መሣሪያውን ከሩቅ ሲያይ የኖረ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም አዝናለሁ። በዞናችን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የተግባር ክፍሎቻቸውን ምሽትና ቅዳሜ ለተማሪዎቻቸው ከፍተው ቢያቆዩ፣ ያለው ኮምፒውተር እንኳ ሳይጨመር ብዙ ለውጥ ይመጣል።

እኛ ባለ ሱቆችም ለትብብር ሥልጠና የሚላኩልንን ልጆች ፎቶ ኮፒ ስናስነሣና ስናስጠርግ ከርመን ቅጻቸው ላይ ማኅተም መምታታችንን መተው አለብን። እኔ በመጪው ሴሚስተር ሁለት ሠልጣኞችን ተቀብዬ፣ ከእኔ ጋር ወደ ዝርጋታ ሥራ እየወጡ ኬብሉን ራሳቸው እንዲገጥሙ ለማድረግ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን