ከቢከር የወጣ ፒያኖ፦ የሙዚቃ አድማጮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ያለው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ የተከፈተ አልበም እስኪያልቅ አይዘለልም። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የትምህርት ቤታችን ልጆች ግን ዘፈን የሚሰሙት በስልክ፣ መግቢያው ትንሽ ከረዘመ ወደሚቀጥለው እያለፉ ነው። ስለዚህ በጥቅምት የተመዘገቡት 31 አባላት በአንድ ወር ውስጥ ወደ 17 ወረዱ። የቀሩት እስከ ሰኔ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አልጠፉም (ሌላ ክፍል ስላልተገኘልን ነው፤ የአሲዱን ሽታ ለምደነዋል)።

በጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ጀመርን። አስተባባሪ ነኝና ማብራሪያ ልስጥ ብዬ ተነሳሁ፤ አልበሙ አዲስ አበባ ነው የተቀረጸው አልኩ። ከኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኒው ዮርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972።» ድርቅ ብዬ ተከራከርኩ። ማታ ቤቴ ሳጣራ ልጅቷ ልክ ናት። በሚቀጥለው ሐሙስ ቆሜ ስህተቴን አረምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ማብራሪያ የሚያዘጋጁት ተማሪዎቹ ሆኑ። ክበቡም ነፍስ የዘራው ያኔ ነው።

ጥር ላይ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተራ ደረሰ፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሰባስበው «ኢትዮፒክስ» የአልበሞች ተከታታይ 21ኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፒያኖ አልበም። ሁለተኛው ዜማ ላይ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ጠዋት ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ የምንጠቀምበት ነው፤ ባትሪ የለውም። ልጆቹ ቦርሳቸውን ማንሳት ጀምረው ነበር፤ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከመደርደሪያው ግማሽ ሊትር የሚይዝ ቢከር አወረደና ስልኩን የድምፅ ማውጫው ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ከተተው። ፒያኖው ከብርጭቆው ውስጥ ጎላ ብሎ ወጣ። ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፋን። የእማሆይ ጣት ምት ጠብቆ አይሄድም፤ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ሮጥ ይላል፣ መልሶ ይቆማል። በትልቁ ድምፅ ማጉያ ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አያቱ በገና የሚደረድሩ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ «ለሰው አይደለም የሚጫወቱት» አለ። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር አሳትመው ገቢውን ለወላጅ አልባ ልጆች እንዳዋሉ፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እንዳረፉ የተነበበልን በእጅ ባትሪ ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ የየካቲቱ ነው። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን የሠሩትን አልበም ከፈትን፤ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ ድራም ማሽን (የከበሮ ምት የሚያወጣ መሣሪያ)፣ አንድ ሰው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ጋሽ ኃይሉ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናቸው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ግማሹ ክበብ «ድራም ማሽን ነፍስ የለውም» ብሎ ተነሳ። ይሄኔ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪው የሮፍናን አድናቂ የሆነ ልጅ ተቆጣ፦ «የሮፍናንን አልበም ‹ነፀብራቅ›ን የኮምፒውተር ሙዚቃ እያላችሁ ስታሾፉ ከረማችሁ። ይኸው ጋሽ ኃይሉ እኛ ሳንወለድ ብቻቸውን በማሽን ሠርተውታል!» መልስ የሰጠ የለም። በሳምንቱ «ነፀብራቅ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማን። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጆሮ ይበዛብኛል፤ ግን የአገር ቤቱ ዜማ ከማሽኑ ምት ጋር ሲገጥም እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ዝም አላለም። ልጁ አይቶኛል።

የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሙሶች በፈተናና በበዓል ተበሉ።

ሰኔ ላይ እያንዳንዱ አባል የዓመቱን አልበም መርጦ ግማሽ ገጽ ጻፈ። እማሆይ 9 ድምፅ፣ ጋሽ ኃይሉ 4፣ ሮፍናን 3 አገኙ። ጋሽ ሙላቱን የመረጠች አንዲት ብቻ ናት፤ ማን እንደሆነች ገምቱ።

እኔም ከግማሽ ገጹ አላመለጥኩም። የመረጥኩት የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) በስሟ የተሰየመ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አልበም ነው። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ካሴቱን ከጓደኛዬ ተውሼ ግማሹን እንኳ ሳልሰማ መለስኩለት። የቻግኒን ልጅ ከአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾች ከነኸርቢ ሃንኮክና ከነዌይን ሾርተር ጋር ማስቀመጥ ዶሮ ወጥ ላይ ማዮኔዝ መጨመር መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ስለሆንኩ ማቋረጥ አልቻልኩም። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ድምፅዋን አልሸፈነባትም፤ ባሱን ከሥር አንጥፎላት ዞር ብሏል። ይህን ለመስማት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ለከርሞ ባትሪ ያለው ድምፅ ማጉያ እንዲገዛልን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ አስገብተናል። መልሱ እስኪመጣ ቢከሩ እኛው ዘንድ ነው፤ የኬሚስትሪው መምህር ሦስት ጊዜ ጠይቀውናል።