ያለ ጠባሳ ተብሎ ስለተከፈለበት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ገንዘብ እንዲመለስልኝና የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 11 ቀን እናንተ ዘንድ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ያመጣኝ በር ላይ የሰቀላችሁት ባነር ነው፤ «አንገት ሳይቀደድ፣ በካሜራ» ይላል። እንግዳ ተቀባይዋም በታችኛው ከንፈር በውስጥ በኩል፣ በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ገብተው እንደሚያወጡት በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ለካሜራው ተብሎ 45 ሺህ ብር ጭማሪ ነበረው። ከዕቁቤ ከፈልኩ።

ስነቃ አንገቴ በፋሻ ተሸፍኗል። በማግስቱ ሐኪሙ እንቅርቱ ትልቅ ስለሆነ በከንፈር በኩል እንደማይወጣ፣ ለድምፅ ነርቩም ሲባል አንገቴን መክፈት እንደተሻለ ነገረኝ። አምኜዋለሁ፤ ድምፄ ደህና ነው፣ እጁን ይባርከው። ነገር ግን 9 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተጻፈው አልትራሳውንድ የተነሳው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እዚያው እናንተ ጋ ነው። ገንዘቡን ስትቀበሉ ማን አየው? «ካልተቻለ ይከፈታል» የሚለውንም ወረቀት ያስፈረማችሁኝ የቀዶ ሕክምና ልብስ ለብሼ አልጋ ላይ ከተኛሁ በኋላ ነው።

ጠባሳውን በሻሽ እሸፍነዋለሁ። በድሬ ሙቀት አንገት ላይ ሻሽ መጠምጠም ምን እንደሚመስል ባነሩን የሠራው ሰው ይሞክረው።

የባሰው ወደ ቤት በተመለስኩ ሌሊት መጣ። ከአፌ ዙሪያ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ፤ ጣቶቼ ተኮማትረው የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተኝ። መውጫ ወረቀቴ ላይ ያለው ስልክ ሦስት ጊዜ ተደወለ፣ የሚያነሳ የለም። ባለቤቴ ከሳቢያን በባጃጅ ሌላ ቦታ ወስዶኝ ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጠኝ ለቀቀኝ። ከታይሮይድ ዕጢ (ሲያብጥ እንቅርት ከሚባለው የአንገት ዕጢ) ጀርባ ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች እንዳሉ፣ እነሱ ሲጎዱ ካልሲየም እንደሚወርድ፣ ይህም በካሜራም ሆነ አንገት ተከፍቶ ሊያጋጥም እንደሚችል ያስረዳችኝ የዚያ ቤት ነርስ ናት። እናንተ ስለ ጠባሳ እንጂ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሳችሁም።

ስለዚህ ላልተሠራበት ካሜራ የከፈልኩት 45 ሺህ ብር ይመለስልኝ። የቀዶ ሕክምናው ጽሑፍና «ነገ ነይ» እየተባልኩ አንድ ወር ሊሞላው የተቃረበው የናሙና ውጤትም ይሰጠኝ። የታይሮይድ ዕጢው በሙሉ ይውጣ ግማሹ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሙሉ ከሆነ የሆርሞን ክኒን ዕድሜ ልኬን መዋጥ አለብኝ፣ እስካሁን ግን ያዘዘልኝ የለም።

ደረሰኙንና የአልትራሳውንዱን ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ታካሚዋ (የካርድ ቁጥሬ ደረሰኙ ላይ አለ)

ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ