ተሸናፊዎቹ የት ይቀመጣሉ?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ በቴሌግራም የላከችልንን የደብተርሽን ፎቶ ከእናትሽ ጋር ደጋግመን አየነው። ለክፍል ሥራ የፈጠርሻት የደሴት አገር ባንዲራ አላት፣ ካርታ አላት፣ 60 መቀመጫ ያለው ፓርላማም አላት። ደስ አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ፤ «ቅኝ ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላ አንድ ፓርቲ 60ውንም መቀመጫ ስላሸነፈ አገሪቱ ሰላም ሆነች» ያልሽበት ላይ።

ያንቺን አገር የምትመስል እውነተኛ ደሴት አለች፤ ሞሪሸስ ትባላለች። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ናት። እ.ኤ.አ. በ1598 (የሞሪሸሱን ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ደቾች ሲደርሱባት ነዋሪ አልነበረባትም። እነሱ በ1710 ለቀዋት ሄዱ፤ በ1715 ፈረንሳዮች ያዟት፣ በ1810 ደግሞ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ነጠቋት። ይህንን የባንዲራ መለዋወጥ አንቺም በደንብ ጽፈሽዋል። የጎደለው ሰዉ ነው። የሸንኮራ አገዳውን ማን ቆረጠው? መጀመሪያ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች። በ1835 ባርነት ሲቀር ደግሞ እርሻው ሠራተኛ አጣና በውል የሚሠሩ ሕንዳውያን በመርከብ ይጎርፉ ጀመር፤ በአስርት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው በፖርት ሉዊስ ወደብ አልፏል። ቻይናውያን ነጋዴዎችም መጡ። በአገሩ ያለው ሰው ሁሉ ቅድመ አያቱ ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው፤ ግማሹ በሰንሰለት፣ ግማሹ በውል፣ ጥቂቱ በባለቤትነት። ቅኝ ግዛት ትቶት የሚሄደው ነገር ይህ ነው ልጄ፤ ገዢው ቢሄድም፣ ማን ከማን በላይ እንደነበር ማንም አይረሳም።

ስለዚህ ነጻነት ሲቃረብ ብዙ ሰው ፈራ። በ1967ቱ ምርጫ ከመራጩ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፁን የሰጠው ነጻነትን ለሚቃወመው ፓርቲ ነበር። እኛ ቅኝ ባልተገዛ አገር ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ይገርመናል፤ ነጻነትን ማን ይጠላል? አልጠሉትም። የሕንዱ ዝርያ ብዙ ነው፣ በድምፅ ብልጫ ሁልጊዜ ይረታናል፣ እኛ የት እንገባለን ብለው ነው የሰጉት። ነጻነቱ ሊታወጅ ሁለት ወር ሲቀረው በፖርት ሉዊስ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተጋጨ፣ ደም ፈሰሰ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ተጠሩ። ማርች 12 ቀን 1968 አዲሱ ባንዲራ የተሰቀለው በዚህ ስጋት መሐል ነው።

ለዚያ ስጋት ያበጁለት መላ ነው እንድታውቂልኝ የፈለግኩት። ዋናዋ ደሴት በ20 የምርጫ ክልል ትከፈላለች፤ ከእያንዳንዱ 3 ሰው ይመረጣል፤ 60 ይሆናል፣ ልክ እንዳንቺው። ሮድሪገስ የምትባለው ትንሽ ደሴት 2 ትጨምራለች። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 8 የሚደርስ ተጨማሪ መቀመጫ አለ፤ እሱም የሚሰጠው ከተሸነፉት ውስጥ የተሻለ ድምፅ ላገኙት፣ በተለይም በምክር ቤቱ ወኪል ላነሰው ማኅበረሰብ ነው። የተሸነፈ ሰው በሕግ ወንበር ይሰጠዋል ማለት ነው።

እንከን የለውም አልልሽም። ተወዳዳሪው የየትኛው ማኅበረሰብ አባል እንደሆነ እንዲያስመዘግብ ይገደድ ነበር፤ የመንግሥታቱ ድርጅት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴም በ2012 ይህን ነቅፎታል። ልክ ነው። መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ ባየንበት አገር፣ ሰውን በሳጥን መክተት ምን እንደሚያስከትል ላንቺ አልነግርሽም። ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ 60ው እንመለስ። በ1982 በሞሪሸስ ያ ያልሽው ነገር በእውን ሆነ፤ ተቃዋሚዎቹ ተጣምረው 60ውንም ጠቀለሉት። አገሪቱን ለነጻነት ያበቋት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲውሳጉር ራምጉላም በ81 ዓመታቸው የገዛ ወንበራቸውን እንኳ አጡ። ወታደር አልጠሩም፤ ሥልጣናቸውን አስረክበው ሄዱ። በኋላም ያሸነፏቸው ሰዎች ባሉበት አገር በክብር ኖረው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ገዢ፣ ማለትም የእንግሊዝ ንግሥት ወኪል፣ ሆነው ነው ያረፉት። 60ውን የጠቀለለው ጥምረትስ? ዓመት ሳይሞላው እርስ በርሱ ተሰነጠቀ፤ በ1983 እንደገና ምርጫ ተጠራ።

እዚህም በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወስደው ነበር። ያኔ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ተቃዋሚ ድምፅ አልነበረም፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ተቃውሞው አደባባይ ወጣ፣ የብዙ ልጆች ሕይወትም አለፈ። አዳራሹ ውስጥ መናገሪያ ያጣ ሰው ውጭ ይናገራል። ስለዚህ «60ውን አሸነፈ፣ ሰላም ሆነ» የሚለውን ስትጽፊ እጄ ወደ እስክርቢቶው ይሄዳል። አልሰርዝብሽም፤ አገሪቱ ያንቺ ናት። ግን ለተቃዋሚ መሪው ወንበር ሥሪለት፤ ሹመት ሲሰጥ እንዲማከር በሕግ አስፍሪለት፤ በጀቱን ሲነቅፍም አፈ ጉባኤው እንዳያቋርጠው አድርጊ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እንግሊዝ ለሞሪሸስ ነጻነት ከመስጠቷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ቻጎስ የሚባሉትን ደሴቶች ቆርጣ አስቀረች። ትልቋን ደሴት ዲዬጎ ጋርሺያን ለአሜሪካ የጦር ሰፈር ሰጠች፣ ነዋሪዎቹንም እስከ 1973 ድረስ በመርከብ እየጫነች አስወጣቻቸው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ የሚጠይቅላቸው ወኪልም አልነበራቸውም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ደሴቶቹን ከሞሪሸስ መቁረጡ ሕገ ወጥ እንደነበር አስተያየቱን ሲሰጥ፣ ተባረው ከሄዱት ብዙዎቹ በስደት አርጅተው ሞተዋል።

በካርታሽ ላይ ከዋናዋ ደሴት ራቅ ብላ አንዲት ነጥብ አለች፤ ስም አልሰጠሻትም። ሰው ይኖርባታል? የሚኖርባት ከሆነ በፓርላማሽ ስንት ወንበር እንዳላቸው በሚቀጥለው ጻፊልኝ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ ልካለች፤ ለአክስትሽ ስጪልን።

የሚወድሽ አባትሽ