ለጠረጴዛው ብር እንዳትከፍል

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቱሉ ዲምቱ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም።

እሁድ ስትደውል ድምፅህ ከፍቶት ነበር። «እማዬ፣ ኒው ዮርክ ስትመጪ ልወስድሽ ያሰብኩት ምግብ ቤት ጠረጴዛ የለንም አሉኝ» አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ «የአንድ ማታ ጠረጴዛ በጨረታ የሚሸጥ አለ፣ እሱን እገዛለሁ» ስትል ደነገጥኩ። በስልክ መልስ አልሰጠሁህም። አሁን ልጻፍልህ።

ለምን እንዳሰብከው አውቃለሁ። ፒያሳ ጣሊያን ቤት 19 ዓመት ወጥ ቤት ስሠራ ሱጎ እየበላህ ነው ያደግከው። ማታ ሸፍኜ የማመጣልህን ላዛኛ ሳትተኛ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን ደግሞ እኔ ቁጭ ብዬ ሰው እንዲያስተናግደኝ ፈለግህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ግን ቤቱን ልወቀው ብዬ የጎረቤታችንን ልጅ በስልኳ አስነበብኳት። ራኦስ የሚባል የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ኒው ዮርክ፣ ኢስት ሃርለም፣ 114ኛ መንገድ። የተከፈተው በፈረንጆች በ1896 ነው። የአድዋ ዓመት! ያኔ ሰፈሩ የጣሊያን ስደተኞች ሰፈር ነበር። ብዙ ዘመን የሰፈር ሰው የሚበላበት ቤት ሆኖ ኖረ። በ1977 ሚሚ ሸራተን የምትባል የኒው ዮርክ ታይምስ ጸሐፊ ሦስት ኮከብ ሰጠችው። ከዚያ ከተማው ሁሉ ጎረፈ። ጠረጴዛው ደግሞ 10 ብቻ ነው።

ባለቤቶቹ ምን አደረጉ መሰለህ? ጠረጴዛውን ለደንበኞቻቸው አደሉት። አንዱ ሰኞ ሰኞ፣ ሌላው በወር አንድ ቀን። ባለቀኑ ሲመጣ ጠረጴዛው ሌሊቱን ሙሉ የሱ ነው፣ በልተህ ቶሎ ተነሣ የሚለው የለም። ካልተመቸው ወዳጁን ይልካል። ሲሞት ለቤተሰቡ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ቤቱን የመሩት ፍራንክ ፔሌግሪኖ «የለም» ማለት ስለበዛባቸው ሰው «ፍራንኪ ኖ» (እምቢ ባዩ ፍራንክ) ይላቸው ነበር። በ2017 አርፈዋል።

ይህን ስሰማ የመጣልኝ የኛ ማኅበር ነው። በ21 የምንጠጣው የማርያም ጽዋ። ትዝ ይልህ እንደሆነ አንዲት ባለሱቅ ልግባ ብላ ነበር። ደግ ሴት ናት፣ እጇም አይታጠፍም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ግን ቦታ የለም አሏት። ንቀት አልነበረም። የወሩ ዙር ሞልቶ ነበር፣ አንዷ ስትሞት ደግሞ ጽዋዋን የምትቀበለው ልጇ ናት። ከፒያሳ ስንነሣ አንዷ ገላን፣ አንዷ አያት፣ አንዷ ጀሞ ደረሳት። አንድም የቀረች የለችም። ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው እኔ ቤት ይመጣሉ። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ የአንዷን ቀን በብር ልግዛ ቢል ምን ይሰማናል?

ጨረታው ለበጎ አድራጎት ነው ብለኸኛል። መልካም ነው፣ ብዙ ሺህ ዶላር የተረፈው ይስጥ። አንተ ግን የምትከፍለው ሌሊት ፈረቃ ቆመህ ያገኘኸውን ነው። የእህትህ የትምህርት ቤት ክፍያም አለብህ። በዚያ ብር የተገዛ ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም።

ያ የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ጣሊያናዊ የአጎታቸው ልጅ እዚያ ቀን አለው አላልከኝም? እሳቸውን ጠይቅ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። «እናቴ ልትመጣ ነው፣ 19 ዓመት የጣሊያን ምግብ ሠርታለች፣ ያን ቤት ባሳያት ደስ ይለኛል» በላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ። እምቢ ካሉ ፊትህን እንዳታጠቁር፣ ሥራህንም እንደ ወትሮህ ሥራ። ባንኮኒው ጋ አንድ ነገር ጠጥቶ መውጣት ይቻላል ይባላል። ያም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሽታው ከደረሰኝ ሱጎው እሳት ላይ ምን ያህል እንደቆየ እነግርሃለሁ።

በጓደኛህ የላክልኝን የነሱን ጠርሙስ ሱጎ አሁን ነው የከፈትኩት። ከ1992 ጀምሮ እየሸጡት ነው አሉ። በ2024 ካምቤልስ የሚባል የአሜሪካ የምግብ ኩባንያ የሱጎውን ድርጅት በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው፣ ምግብ ቤቱን ግን አይደለም። የገባበትን አስነበብኩ፦ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጣሊያን በሶብላ። ስኳር አልተጨመረም፣ ሳልሳም የለም። በጣም ደስ አለኝ። እኛ አገር ሳልሳ ካልገባ ሱጎው ሱጎ አይመስለንም፣ ከዚያ ኮምጣጣነቱን ለማጥፋት ስኳር እንነሰንሳለን። እኔን ያስተማሩኝ ትልቋ ወጥ ሠሪ ግን ሳልሳ ሲያዩ ይቆጡ ነበር። «ቲማቲሙ በደንብ ከበሰለ ቀለሙን ራሱ ያመጣል፣ አትቸኩዪ» ይሉኝ ነበር። ሞላላውን፣ ሥጋው የሚበዛውን ቲማቲም ይመርጣሉ። በፈላ ውኃ ነክሮ መላጥ፣ ፍሬውን ማውጣት፣ ከዚያ በለሆሳስ እሳት። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደርሷል።

እዚህ እኮ ለቲማቲም የታደልን ነን። ከመቂ የሚመጣው መኪና በኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ትናንት መንገድ ዳር ከወረደው ለቀምኩና እንደ ጠርሙሱ አድርጌ ሠራሁ። እህትህ ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው።

ጥቅምት ስመጣ አንድ ቀን እኔ እሠራለሁ። ጠረጴዛው ተገኘም አልተገኘም ሽማግሌውን ጥራልኝ። የአጎታቸው ልጅም ይምጡ፣ ባለቀን ናቸውና እንግዳ መሆንም ይገባቸዋል። ሽሮና በርበሬ ይዤ እመጣለሁ፣ በሶብላውን ግን ከዚያው ግዛ፤ የኛው ለሱጎ ይከብዳል። ድስት ከሌለህ ካሁኑ ፈልግ። ሰፊ ይሁን፣ ታቹ ወፍራም።

እናትህ