እማየ፣ ፊቴ ከቴሌቪዥን የጠፋበት ምክንያት

አሰላሙ ዓለይኩም እማየ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለው? የደሴ ብርድ ለአጥንት አይሆንምና ጋቢሽን ሳትደርቢ ደጅ እንዳትወጪ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽ ከቴሌቪዥን ጠፋች፣ ምን ነካት ይለኛል» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። መስመሩ እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። አልተባረርኩም፣ አልታመምኩም። ዜና ማንበቡን ትቼ የፕሮግራም ኃላፊ ሆኛለሁ። አሁን ደግሞ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሁኚ ብለውኛል። እሺ ልላቸው አስቤያለሁ፤ አንቺ ሳትመርቂኝ ግን አልፈርምም።

ሥራው ምን መሰለሽ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅሽን ስትከፍቺ ከገጠር የሚመጣው ሰው ምን እንደሚፈልግ አስቀድመሽ ታውቂ እንደነበረው ነው። እኔም ማን በስንት ሰዓት ቴሌቪዥን ከፍቶ እንደሚቀመጥ ማወቅ አለብኝ። ረመዳን ሲገባ መግሪብ ላይ ይታይ የነበረውን ድራማ ከተራዊህ በኋላ ያደረግሁት አንቺን አስቤ ነው። መግሪብ ላይ አንቺ ቴምርና ሾርባ እያቀረብሽ ነው፤ ድራማውን ማን ሊያየው!

ከባዱ ገንዘቡ ነው። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ እንዲወጣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ሲታወጅ፣ የኮምቦልቻው አጎቴ «እሰይ፣ ልጆች ፊት ይሄ ሁሉ አይታይም» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ብዙ ጣቢያ የሚኖረው በዚያ ገንዘብ ነበር። ሲቋረጥ ቀላሉ መውጫ የአየር ሰዓቱን ለተባባሪ አዘጋጆች መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ወዲያው ይገባል፣ የሚተላለፈውን ግን ገዢው ይወስነዋል። ማታ ከዜናው በፊት ያለችውን የልጆች ሰዓት አንድ ነጋዴ በጥሩ ዋጋ ጠይቆን ነበር። አትሸጥም ብዬ ተከራክሬ አተረፍኳት። ይህን ዓመት ሳትሸጥ ተረፈች፤ ለከርሞ ግን በጀቱን የሚፈርመው ሰው ነው የሚወስነው። ወንበሩን የፈለግሁት ለዚህ ነው እማየ፣ ለክብሩ አይደለም።

«ገና ልጅ ነሽ፣ እንዴት ትችይዋለሽ» እንደምትይ አውቃለሁ። መንገዱን ከታች ነው የመጣሁት። ስቱዲዮ ውስጥ ኬብል ጠቅልያለሁ፣ ካሜራ ተሸክሜያለሁ፣ ሌሊት ኤዲቲንግ ክፍል አድሬያለሁ። አሜሪካ ውስጥ ቦብ አይገር የሚባል ሰው አለ። መጀመሪያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቴሌቪዥን የአየር ጠባይ ይናገር ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ኤቢሲ የሚባል ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ሲቀጠር የስቱዲዮ ተራ ሥራ ነው የሰጡት። ብዙ ዓመት ስፖርት ክፍል ከሠራ በኋላ በ1989 የመዝናኛውን ክፍል አስረከቡት። ድራማ ሲመርጥ የኖረ ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ሥራውን ተማረው፣ በ2005 ደግሞ ኤቢሲን የገዛው የዲዝኒ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። የእሱን ያህል እሆናለሁ ማለቴ አይደለም። ግን ኬብል የጠቀለለ እጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ስቱዲዮው ውስጥ ማን ምን እየለፋ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን አምናለሁ።

ውሳኔው ቤትሽ ድረስ እንደሚመጣ ደግሞ አንቺም አይተሽዋል። ሳህኑን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት አዙሩ የተባለ ጊዜ ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቺ ከታች «መጣ! ኧረ ሄደ!» ስትይ የዋላችሁት፣ እንዲህ ካለ ወንበር በተነሣ ውሳኔ ነው። ሲወስን አንቺን የሚያስብ ሰው እዚያ መቀመጥ አለበት።

መልሴን ሰኞ ይጠብቃሉ። ሐሙስ ከዒሻ በኋላ እደውላለሁ፤ አጎቴም እዚያው ይሁን፣ ጀበናውን ጣጂና ተሰብስባችሁ ዱዓ አድርጉልኝ። ተይው ካልሽኝም ምክንያትሽን ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ። ለዒድ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርጄ ሐረጎን በመኪና እወጣለሁ፤ ለጎረቤቶቹ ያኔ በአካል ያዩኛል በያቸው። የጉልበትሽን መድኃኒት ይዤልሽ ስለምመጣ ያለቀውን ብልቃጥ አትጣይው፣ ስሙን ወንድሜ ያንብብልኝ።

ልጅሽ