ደግነትሽን ወረቀት ላይ አስፍሪው

ልጄ፣

ለቤተሰቡ የላክሽውን የድርጅታችንን የማኅበራዊ ኃላፊነት ዕቅድ አነበብኩት። ችግኝ ተከላ አለ፣ ትምህርት ቤት መርዳት አለ፣ ደም ልገሳ አለ፣ ለፎቶ አንሺው ሳይቀር በጀት ተይዟል። መጥፎ አይደለም። ግን ሁሉም ትርፉ እጃችን ከገባ በኋላ የሚደረግ ነገር ነው። እኔ እንደሚገባኝ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ትርፉ ከየት መጣ? ፍሳሻችን ሳይጣራ ወንዝ ይገባል ወይ? ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው ክፍያው በወሩ ይደርሰዋል ወይ? እነዚህን ሳንመልስ ችግኝ ይዘን ፎቶ ብንነሳ ሰው ይስቅብናል። ቢስቅም አይፈረድበትም።

አቅራቢዎቻችንንም "የእነሱ ጉዳይ ነው" ብለሽ አትለፊያቸው። የባንግላዴሹን ራና ፕላዛ ታስታውሻለሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረመሰውን። ሕንፃው አስቀድሞ ተሰነጣጥቆ ነበር። ታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ሲዘጉ፣ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግስቱ ሥራ ግቡ ተባሉ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ልብሱ ይሸጥ የነበረው ባሕር ማዶ፣ በታወቁ ስሞች ነው። ከባለስሞቹ አንዳንዶቹ ሥራቸው እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንደሚሠራ አናውቅም አሉ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ግን የራስን ዕቃ ማን እንደሚሠራው አለማወቅ ራሱ መልስ ነው እንዴ?

የካርቦን ልቀቱም እንደዚያው ነው። አንቺ የቆጠርሽው የራሳችንን ነዳጅና የምንገዛውን መብራት ነው። የተለመደው አቆጣጠር ሦስተኛ ክፍል አለው፤ ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ደንበኛው ዕቃውን ተጠቅሞ እስኪጥለው ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ለብዙ ድርጅቶች ትልቁ ቁጥር ያለው እዚያ ነው። በአንድ ዓመት አጣርተሽ አትጨርሺውም፣ ግን ባዶውን አትተዪው። በነገራችን ላይ "የአይሶ 26000 ሰርተፍኬት እናሰጣችኋለን" የሚል አማካሪ ከመጣ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። እሱ የማኅበራዊ ኃላፊነት መመሪያ ነው እንጂ ሰርተፍኬት የሚሰጥበት አይደለም። ሰርተፍኬት ያለው የአካባቢ አያያዙ፣ 14001 የሚባለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መግቢያው ላይ "የቤተሰብ ድርጅት ስለሆንን ኃላፊነት በደማችን ውስጥ አለ" ብለሻል። አውጪው። ቮልስዋገንም አብዛኛው ድምፅ በአንድ ቤተሰብ፣ በፖርሽና ፒየሽ ዘር እጅ ያለ ድርጅት ነው። መኪኖቹን ንጹህ ናፍጣ ናቸው እያለ ሲያስተዋውቅ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ላይ መጫኑ ተጋለጠ። ቤተሰቡ አዘዘ እያልኩ አይደለም። የቤተሰብ ስም ብቻውን ዘበኛ አይሆንም ነው የምለው።

ይበልጥ የማስበው ግን አንድ ደግ ሰውን ነው፣ አሮን ፎየርስታይንን። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ አያቱ የመሠረተውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ላይ ፋብሪካው ነደደ። ሰውየው ወደ 70 ዓመቱ ነበር፤ የኢንሹራንሱን ገንዘብ ተቀብሎ ማረፍ፣ ካልሆነም ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት አገር መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን እዚያው መልሼ እሠራዋለሁ አለ፣ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞቹም ለወራት ደመወዝ ከፈለ። አገር አጨበጨበለት፣ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። ከዚያስ? የመልሶ ግንባታው ዕዳ ከበደው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ከአበዳሪዎች የሚከልለውን የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ፣ ቀስ በቀስም ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ከዓመታት በኋላ አዲሶቹ ባለቤቶች ምርቱን ከዚያ ከተማ ነቅለው ወደ ሌላ ግዛት ወሰዱት። በእሱ ቃል የሚታሰሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ቃሉ የነበረው እሱ ልብ ውስጥ ነበራ!

ፓታጎኒያ የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት መሥራች ኢቮን ሹናርድ ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 እሱና ቤተሰቡ ድምፅ ያለውን 2 በመቶ አክሲዮን የድርጅቱን ዓላማ ለሚጠብቅ የአደራ ተቋም ሰጡ። ድምፅ የሌለውን 98 በመቶ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት። መልሶ ለሥራው የማይውለው ትርፍ ወደዚያ ይሄዳል ማለት ነው። የሕንዶቹ ታታዎችም በዚህ መንገድ ከቆዩ ቆይተዋል፤ የትልቁ የንግድ ቡድናቸው እናት ድርጅት 66 በመቶ አክሲዮን በበጎ አድራጎት አደራዎች እጅ ነው። እኛም ሁሉንም እንስጥ አላልኩም፣ አትደንግጪ። ለወንድሞችሽም እንዳትነግሪያቸው፣ እንቅልፍ ያጣሉ።

እኔ የምፈልገው መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ጥቂት አንቀጾች እንዲገቡ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ እያለ የትርፍ ድርሻ አይከፋፈልም። የፍሳሹን ናሙና የሚወስደውና የሚመረምረው የውጭ ሰው ነው፤ ውጤቱ ቢያሳፍርም ይታተማል። ቦርዱ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ፣ ደፍሮ "አይሆንም" የሚል ሰው ይኖራል። ለክፉ ቀን የሚሆን የደመወዝ መጠባበቂያ ይቀመጣል፤ ፎየርስታይንን የጎዳው ደግነቱ ሳይሆን ዕዳው ነው ብዬ ስለማምን ይሄኛውን አጥብቂው። እነዚህን አንቀጾች ለመለወጥ ደግሞ ተራ አብላጫ ድምፅ አይበቃም፣ ከባለአክሲዮኖቹ ሦስት አራተኛው ይስማማ። አንቺ እንደማትነኪያቸው አውቃለሁ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን ግን አንቺም እኔም አናውቀውም።

አጎትሽ አሜሪካዊውን የምጣኔ ሀብት ምሁር ሚልተን ፍሪድማንን ይጠቅስብሻል፣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈውን፣ የንግድ ኃላፊነቱ ትርፉን ማሳደግ ነው የሚለውን። አትጨቃጨቂው፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ በይው። ሰውየው በዋናነት የሚቃወመው በሰው ገንዘብ ደግ የሚሆን ቅጥር ሥራ አስኪያጅን ነው። በገዛ ገንዘቡ የሚያደርገው ባለቤት ሌላ ነገር ነው ይላል። እኛ ባለቤቶቹ ነን። ደንቡን ሁላችንም ከፈረምን፣ አንቺ በአጎትሽ ገንዘብ ደግ ሆንሽ የሚል አይኖርም፤ የምትፈጽሚው እሱ ራሱ የፈረመውን ነው። ለዚህም ነው የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ሳትረከቢ በፊት ደንቡ ይጠናቀቅ የምለው። አንዴ ሥራ አስኪያጅ ከሆንሽ ሁሉም ነገር "የእሷ ሐሳብ" ይባላል።

ረቂቁን ለጠበቃው ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ። አጎትሽን እኔ አናግረዋለሁ። የችግኙን ነገር አልተቃወምኩም፤ ፎቶ አንሺውን ግን ሰርዢው።

አባትሽ